ስለ ባህር በአማርኛ ቪዲዮ እሠራለሁ፤ ወገኔ ጋ እንዴት ላድርሰው?

የናታንያዋ (እሑድ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

የምኖረው እስራኤል፣ ናታንያ ነው። ከቤቴ እስከ ባህሩ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ከስምንት ወር በፊት ስለ ባህር ጥበቃ በአማርኛ ቪዲዮ እየሠራሁ ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ መልቀቅ ጀመርኩ። በዕብራይስጥ የሚሠሩ ሞልተዋል። የእናቴ ጓደኞች ግን እነሱን አይሰሙም። ሠርግ ወይ ተዝካር በኖረ ቁጥር በከረጢት በከረጢት የሚጣለውን የፕላስቲክ ሳህን ሳይ፣ ይህን ነገር አንድ ሰው በራሳችን ቋንቋ ይንገረን አልኩ።

ነገሩ ውስጤ የገባው ግን ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ከማዕበል በኋላ ባህሩ ሬንጅ ተፋ። 160 ኪሎ ሜትር የሚሆን የባህር ዳርቻ ጠቆረ። የበጎ ፈቃደኛ ጥሪ በዋትስአፕ ደረሰኝና ሄድኩ። ሬንጁ እንደ ማስቲካ ነው። ስትነኩት ይለጠጣል፤ አሸዋ ጠቅልሎ ይመጣል። ትልልቁን በእጃችን እንለቅማለን። ትንንሹን ለማውጣት አሸዋውን በወንፊት እንነፋለን፣ ልክ ዱቄት እንደሚነፋው። እጄ ላይ የቀረውን ያስለቀቅኩት በምግብ ዘይት ነው። ሽታው ራስ ያዞራል። ሽታው አሳምሟቸው ሆስፒታል የገቡ ልጆችም ነበሩ።

ከእኛ ትንሽ ወደ ሰሜን ሚክሞሬት የሚባል ቦታ የባህር ኤሊዎች ማገገሚያ ማዕከል አለ። ሬንጅ የዋጡ ኤሊዎች ወደዚያ ተወሰዱ። ባለሙያዎቹ ምን እንዳበሏቸው ታውቃላችሁ? ማዮኔዝ። ሳንድዊች ላይ የምንቀባውን ማዮኔዝ። ቅባቱ ሬንጁን ከውስጣቸው እያላቀቀ አወጣው። ያን ሰሞን ይህን የሰማ ሁሉ ለሌላ ሲያወራ ነበር። ሥራ ቦታ፣ አውቶቡስ ላይ፣ ሁሉም ጋ።

አሁን ችግሬን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ቪዲዮዬ ስለ ዓለም ውቅያኖሶች ነበር። ካርታ አለው፣ ቁጥር አለው፣ ሙዚቃ አለው። ሁለት ሳምንት ለፋሁበት። 43 ሰው አየው። ከዚያ በኋላ የሠራኋቸውም ከዚያ ብዙም አልተሻሉም። ምን ላድርግ? ልምድ ያላችሁ ንገሩኝ።


ጣናዬ (ሰኞ ጠዋት)

እህቴ፣ እኔ ባህር ዳር ነኝ። ውቅያኖስ የለንም፤ ጣና ግን አለን። የእምቦጭን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ስላየሁት ልንገርሽ።

እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ለዓመታት ግን ወሬው ከስብሰባ አዳራሽ አልወጣም። «ወራሪ አረም» ይባላል፣ ጥናት ይቀርባል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ሰው ይበተናል። ከተማው ውስጥ ማንም አይናገረውም ነበር። ከዚያ ፎቶዎች ፌስቡክ ላይ መውጣት ጀመሩ። አንዱን እስካሁን አልረሳሁትም። ታንኳው ሜዳ ላይ የቆመ ነው የሚመስለው። ዙሪያው ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ውኃ የሚባል አይታይም። ሰውየው መቅዘፊያውን አረሙ ላይ አስደግፎ ቆሟል። በቃ። ጽሑፍ አያስፈልገውም። ውኃ ላይ ያደገ ሰው ያንን አይቶ ዝም ማለት አይችልም።

በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» ብለው እዚህ ድረስ መጥተው አረሙን በእጃቸው ነቀሉ። ቪዲዮው አገር ምድሩን አዳረሰ። እኔም አብሬ ውኃ ውስጥ ነበርኩ። እስከ ወገብ ይደርሳል፤ ጭቃው እግር ይይዛል። አንዷን ሥር ጎትተሽ ስታወጪ አብራ የምትመጣው ውኃ ክብደቷን እጥፍ ታደርገዋለች። ማታ ጀርባዬን መዘርጋት አልቻልኩም ነበር። ግን ደስታው ልዩ ነው።

የሚያሳዝነው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ መቆየት ይችላል። እኛ ፎቶ የተነሣንበት ቦታ በዓመቱ ተመልሶ አረንጓዴ ሆነ። ያንን ግን ማንም ሼር አላደረገውም። ሰው «እንዴ፣ ተነቅሎ አልቆ የለም እንዴ?» ይለኝ ነበር። ጥቅምት 2013 ላይ እንደገና የአንድ ወር ዘመቻ እስኪጠራ ድረስ ነገሩ ተረስቶ ነበር ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። አንድ ቦታ ምረጪ። በየወሩ እዚያው ቆመሽ፣ በዚያው አቅጣጫ አንሺ። ሲጸዳም አሳዪ፣ ሲቆሽሽም አሳዪ። ዓለምን በሙሉ ተዪውና አንድ ድንጋይ ያዢ።


ልጠይቅ (ሰኞ ከሰዓት)

በክፉ አታዩብኝ፣ ከልቤ ነው የምጠይቀው። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ባህር አይቼ አላውቅም። የቤት ኪራይና የዘይት ዋጋ እንቅልፍ የነሳው ሰው ስለ ባህር ኤሊ ቪዲዮ ለምን ይከፍታል? እስራኤል ላላችሁት ይገባኛል፤ በራችሁ ላይ ነው። እዚህ ላለው ወገን ግን ምን ብላችሁ ነው የምትነግሩት? እኔን ራሴን አሳምኑኝ።


ሞገድ (ሰኞ ማታ)

ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኖርዌይ የባህር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። የምችለውን ያህል ልመልስ።

አንተ የምትበላው እንጀራ ከውቅያኖስ ጋር የታሰረ ነው። የኢትዮጵያ ዝናብ እርጥበቱን የሚያገኘው ከሩቅ ውኃ ነው፤ ከህንድ ውቅያኖስም፣ ከአትላንቲክም ይመጣል። የሰላማዊ ውቅያኖስ የላይኛው ውኃ ሲሞቅ ኤልኒኞ እንለዋለን። ያኔ የእኛ ክረምት ይሳሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይህ ነው። ዝናቡ ቀረና በቀጣዩ ዓመት 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ አስፈለገው። አያቴ ያለችበት ወረዳ አንዱ ነበር። ከብቶቹን በርካሽ ሸጡ። ወደዚህ ትምህርት የገባሁት ያን ዓመት ካየሁ በኋላ ነው።

ለአንቺ ደግሞ እህቴ፣ ስለ ገለባዋ ቪዲዮ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2015 ኮስታ ሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ጀልባ ላይ ሆነው አንድ ኤሊ ይመረምራሉ። ክርስቲን ፊግነር የምትባል የባህር ባዮሎጂ ባለሙያ ትቀርጻለች። አፍንጫው ውስጥ የተሰካ ነገር አለ። መጀመሪያ ትል መስሏቸው ነበር። በቢላዋ ጫፍ ቆርጠው ሲያዩት የፕላስቲክ መጠጫ ገለባ ነው። በጉጠት ሲጎትቱት ኤሊው ያቃስታል፣ ከአፍንጫው ደም ይወርዳል። ስምንት ደቂቃ ነው ቪዲዮው። ሙዚቃ የለውም። በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው አየው። እ.ኤ.አ. በ2018 ሲያትል ከተማ በምግብ ቤቶች የፕላስቲክ ገለባ ስትከለክል ያ ኤሊ በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ነበር።

ግን ባህር ውስጥ ካለው ፕላስቲክ ገለባ ኢምንት ነው። ሰው ገለባ ተወና ሥራው ያለቀ መሰለው። ካሊፎርኒያና ሃዋይ መካከል የተከማቸውን ቆሻሻ ያጠናው የእ.ኤ.አ. 2018 ጥናት በክብደት 46 በመቶው የዓሣ ማጥመጃ መረብ ነው ይላል። በነገራችን ላይ ያ ቦታ «ከጠፈር የሚታይ የፕላስቲክ ደሴት» እየተባለ በአማርኛም ሲዞር አያለሁ። ደሴት የለም። አብዛኛው ተበታትኖ የሚንሳፈፍ ቁርጥራጭ ነው፤ በመርከብ መሃሉ ብታልፉ ላታስተውሉት ትችላላችሁ። እባካችሁ ያልሆነ ነገር አትለጥፉ። አንዴ ውሸት ነው ከተባለ እውነቱንም የሚሰማን አይኖርም።

ሌላም ልጨምር። ከአዲስ አበባ የተጣለ ፌስታል ሜዲትራኒያን ደረሰ ብላችሁም አትጻፉ። የአዲስ አበባ ወንዞች ወደ አዋሽ ነው የሚገቡት። አዋሽ ደግሞ ባህር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ፌስታሉ የሚጎዳው የቆቃን ዓሣና የአፋርን ግመል ነው። ይህ ራሱ አይበቃም?


ባለ ተሳቢው (ማክሰኞ፣ ከመንገድ)

ሰላም ቤተሰብ። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነኝ፤ 11 ዓመት ሠርቼበታለሁ። ወረፋ ስጠብቅ ስልክ ላይ ነኝ፣ ለዚህ ነው ያገኘኋችሁ።

እኔ ስለ ሳይንስ አላውቅም። ያየሁትን ልናገር። ጅቡቲ ከተማ ወጣ ብሎ አርታ የሚባል ዳርቻ አለ። ከኅዳር እስከ ጥር አካባቢ ዌል ሻርክ የሚሉት ዓሣ ይመጣል። በዓለም ላይ ከእሱ የሚበልጥ ዓሣ የለም አሉኝ። እዚያ የሚመጡት ገና ልጆቹ ናቸው፤ ግን አንዱ ብቻውን ሚኒባስ ያክላል። ጭነት ዘግይቶብኝ አንድ ቀን ከጓደኛዬ ጋር በጀልባ ሄድን። አጠገባችን መጣ። ጀርባው ላይ ነጭ ነጭ ነጠብጣብ አለው፣ ሰማይ ላይ ያለ ኮከብ ይመስላል። አፉን ከፍቶ ውኃውን እያጣራ ነው የሚበላው። ሰው አይነካም።

ከዚያ ሌላ አንድ መጣ። ጀርባው ላይ ጠባሳ ነበረው፤ በመጥረቢያ የተመታ ይመስላል። ጀልባ ነጂው «የሞተር ምላጭ ነው» አለን። ቱሪስት ለማስጠጋት ሲሽቀዳደሙ ይቆርጧቸዋል። እጄ ተንቀጠቀጠ። እንዲያው የመጣልኝን እየተናገርኩ ቀረጽኩት። «ይኼ ፍጡር ምን በደለ?» ብዬ ነው የጀመርኩት። ማታ ለቀቅኩት። ጠዋት ስነሣ ሁለት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል። እኔ ከዚያ በፊት የለቀቅኩት የመኪና ጎማ ቪዲዮ ነበር።

ኮሜንቱን ሁሉ መለስኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። «የት ነው? ሰው ይበላል? ጅቡቲ ይሄ አለ እንዴ?» ይሉኛል። እንደኔ ሾፌር የሆኑት ደግሞ ጀልባ ሲይዙ «ሞተሩን አጥፋው» እንላለን ብለው ጻፉልኝ። እህቴ፣ አንቺም ኮሜንት መልሺ። የመለስሽለት ሰው ይመለስልሻል።


የጅዳዋ (ማክሰኞ ሌሊት)

እህት የናታንያዋ፣ እኔ ሳውዲ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የዕረፍት ቀኔ አርብ ነው። ኮርኒሹ፣ ማለቴ የባህር ዳሩ መንገድ ላይ ቁጭ ብዬ ቀይ ባህርን ሳይ እውላለሁ። ማዶው አገሬ ጎረቤት ነው እላለሁ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ጽሑፍ አታብዢ። እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን ትምህርት ሳንጨርስ ነው የወጣነው። እኔ ራሴ ማንበብ የተሻሻለልኝ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። እኛ ያለነው ቲክቶክና ኢሞ ላይ ነው። ድምፅሽን አሰሚን። ሥራ እየሠራን፣ ስልኩን ወጥ ቤት ጥግ አስቀምጠን ነው የምንሰማው። ከአንድ ደቂቃ ካለፈ እመቤቲቱ ትጠራናለች፣ ይቋረጣል።

ደግሞ ልጠይቅ ለሚባለው ወንድሜ። የሳፈርን መርከብ ሰምተሃል? የመን ባህር ላይ የቆመ ያረጀ የነዳጅ መርከብ ነበር። በውስጡ 1.14 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ነበረው። በጦርነቱ ምክንያት ለዓመታት ጥገና አጥቶ እየዛገ ነበር። ቢሰበር ኖሮ ነዳጁ ወደ ኤርትራና ወደ ጅቡቲም ሊሄድ ይችል ነበር። የኢትዮጵያ ዕቃ አብዛኛው የሚገባው በጅቡቲ ነው። ያስጨነቀህ የዘይት ዋጋ ያኔ ምን ይሆን ነበር?

ገንዘብ ጎደለ ሲባል የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2022 ተራውን ሕዝብም በኢንተርኔት ለመነ። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያሉ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳይቀሩ 200 ዶላር አዋጥተው ሰጡ። ነዳጁ ወደ ሌላ መርከብ ተገልብጦ ያለቀው ኦገስት 2023 ነው። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በዓረብኛ ነው፣ ከአሠሪዬ ልጅ ስልክ። በአማርኛ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ባህሩ አጠገብ ተቀምጬ!


የናታንያዋ (ረቡዕ)

አለቀስኩ። በተለይ የጅዳዋ እህቴ፣ ስላካፈልሽኝ አመሰግናለሁ።

ሁላችሁንም ሰብስቤ ስሰማችሁ አንድ ነገር ገባኝ። እኔ ስጀምር ያስተማርኩ መስሎኝ ነበር። ማንም ግን ትምህርት አልጠየቀኝም። ስለ ማዮኔዙ አንድም ቪዲዮ አልሠራሁም እኮ! ለእናንተ ጻፍኩት እንጂ። የማውቀውን ትቼ የማላውቀውን ውቅያኖስ ሳሳይ ከረምኩ።

እናቴ የደንቢያ ልጅ ናት። አርብ ጠዋት ፖሌግ ዳርቻ ይዣት ልወጣ ነው። ምን ላስደርጋት?


ሞገድ (ረቡዕ)

ምንም አታስደርጊያት። ዝም ብለሽ ቅረጫት። ብቻ መጨረሻ ላይ ቀንና ቦታ ተናገሪ። ሰው ስሜቱ ሲነካ «እሺ፣ የት ልምጣ?» ይላል። መልስ ካጣ በዚያው ይቀዘቅዛል።

ሙምባይ ውስጥ አፍሮዝ ሻህ የሚባል ጠበቃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከ84 ዓመት ጎረቤቱ ጋር ሁለት ሆነው ቨርሶቫ የሚባለውን ዳርቻ ማጽዳት ጀመሩ። ቀኑ የታወቀ ነው፣ ቅዳሜና እሑድ። የታወቀ ስለሆነ ሰው እየጨመረ ሄደ፤ ትዊተርም ወሬውን አደረሰለት። በሁለት ዓመት ገደማ አምስት ሚሊዮን ኪሎ ቆሻሻ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2017 የሰበሰቡትን የሚያነሣላቸው አጥተው፣ ሰውም እየሰደባቸው አቁመው ነበር። ተመልሰው ጀመሩ። በማርች 2018 የኤሊ ጫጩቶች ከዚያው አሸዋ ወጥተው ወደ ባህር ሲሄዱ ታዩ።


ልጠይቅ (ሐሙስ)

ተቀብያለሁ። የ2007ቱን ድርቅ ከባህር ጋር አያይዞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ሐሳብ ልስጥ። እዚህ ፌስታል የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። ሰው የሚያወራው ስለ ቅጣቱ ብቻ ነው። ለምን እንደተከለከለ የሚያሳይ አንድ ጥሩ ቪዲዮ አላየሁም። እኔ ቀበና ወንዝ አጠገብ ነው ያደግኩት። ልጅ ሆነን ድልድዩ ሥር የቆምንበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ከጣናዬ ተምሬ በየወሩ ላነሳው ነው። ሠፈራችን ያለው ቆራሌውም ልምዱን ሊነግረኝ ቃል ገብቷል። ሃይላንዱን ለቅሞ የሚሸጠው እሱ ነው፤ ከሁላችን በላይ ስለ ፕላስቲክ የሚያውቀው እሱ ነው።


ባለ ተሳቢው (ሐሙስ)

ጎበዝ! ሊንኩን ላክልን፤ ወረፋ ላይ ያሉት ሾፌሮች ሁሉ ያዩታል።


የናታንያዋ (ከአስራ ሁለት ቀን በኋላ)

ተመልሻለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

እናቴን ፖሌግ ይዣት ወጣሁ። ነጠላዋን ለብሳ፣ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ነበር። ስልኩን ከፈትኩና ዝም አልኩ። ትንሽ ከሄደች በኋላ ጎንበስ አለች። አሸዋው ውስጥ ሰማያዊ የሃይላንድ ክዳን አገኘች። ማዕበሉ እግሯ ጋ እስኪደርስ ጠበቀችና አጠበችው። አገላብጣ አየችው። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፣ ሳንቲም እንደምትቋጥረው አድርጋ። ቀጥላ ደግሞ ሌላ አነሣች።

«መንደራችን ውኃ ዳር ነበር» አለች፣ ወደ ባህሩ እያየች። «ገብተን የምንነጻበት ውኃ ነበር። በዚያ ውኃ ላይ ማን ደፍሮ ቆሻሻ ይጥላል?»

በቃ ይኸው ነው። 40 ሰከንድ። ሙዚቃ አላስገባሁም። መጨረሻ ላይ በድምፄ «የፊታችን አርብ ጠዋት፣ ፖሌግ፣ ከመኪና ማቆሚያው በታች» አልኩ። ስለ ማዮኔዙም ለብቻው አጭር ሠራሁ።

የእናቴን ዘጠና ሺህ ሰው አይቶታል። እኔን የገረመኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ከእናቴ ጓደኞች አምስቱ ደወሉልኝ። አንዷ «የእኔም አገር እንደዚያ ነበር» ብላ ስለ ወንዟ ሃያ ደቂቃ አወራችኝ። ባለፈው አርብ 17 ሰው መጣ። ግማሾቹ ከ60 ዓመት በላይ ናቸው። አሥራ አንድ ከረጢት ሞላን። ያነሣዋል የተባለው መኪና ሳይመጣ ቀረ፤ ከረጢቶቹን በሦስት የቤት መኪና አመላለስን። አንድ የተጠላለፈ መረብ ግን አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ ስለነበር ለአራት ጎትተን ማውጣት አቃተን። አካፋ ይዘን እንመለስበታለን።

በዚያ ሳምንት የነበረው ሠርግ ላይ ደግሞ ከሙሽራዋ ቤተሰብ አንዷ የሸክላ ሳህን ከሦስት ቤት አሰባስባ አመጣች። ለሁሉም አልበቃም። ለሽማግሌዎቹና ለቄሶቹ በቃ።


ጣናዬ

እሰይ እህቴ! ቦታውን ምልክት አድርገሻል? በወሩ እዚያው ቆመሽ አንሺ።


የናታንያዋ

አድርጌያለሁ። ገደሉ ሥር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እናቴ የተቀመጠችበት ነው። ከእሱ ላይ ሆኜ ነው የማነሳው።


የጅዳዋ

አርብ ዕለት ከሦስት እህቶች ጋር ሆነን በአንድ ስልክ አየነው። እናትሽን ሳሚልኝ። እኔም ከኮርኒሹ ድምፅ ልኬልሻለሁ፤ ከጠቀመሽ ተጠቀሚበት።


ሐዴራ ነኝ (አዲስ አባል)

ሰላም። ቪዲዮውን አክስቴ ላከችልኝ። ከሐዴራ ሦስት ሆነን መምጣት እንፈልጋለን። የፊታችን አርብ በስንት ሰዓት ነው?


የናታንያዋ

እንኳን ደህና መጣችሁ! በእናቶቻችን አቆጣጠር አንድ ሰዓት፣ በስልካችሁ ሰባት። ሰንበት ሳይገባ ሁላችንም ቤታችን እንደርሳለን። ወፍራም ጓንት ያዙ። አካፋ ያለው አካፋ፣ ሰፋ ያለ ወንፊት ያለው ወንፊት ያምጣ።